መሬቱ ሳይቀዘቅዝ እዘዙ፦ ለትንሽ የገጠር አይኤስፒ የአፕስትሪም ማስፋፊያ ዕቅድ

«ጋሼ፣ ስንት ጊጋ ልግዛ?» በትንንሽ አይኤስፒዎች፣ ማለትም ኢንተርኔት ለቤቶች በሚሸጡ ድርጅቶች፣ የሚሠሩ ወጣቶች ሲደውሉልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ዛሬ ብትፈርም መስመሩ የሚበራልህ በስንት ወሩ ነው?» ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የጊጋው ቁጥር (መስመሩ በሰከንድ የሚያሳልፈው ጊጋቢት) ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትንንሽ አይኤስፒዎችን የሚያንቀው ቀኑ ነው።

የምሠራው በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ በሚገኝ አንድ ትንሽ አይኤስፒ ነው። አገሩ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ በሙቀቱ ወራት በቆሎና አኩሪ አተር፣ በብርዱ ወራት በረዶ። አንቴናዎቻችን ግማሾቹ በራሳችን ታወር፣ ግማሾቹ ከሩቅ በሚታዩት የኮንክሪት እህል ጎተራዎች አናት ላይ ተሰቅለዋል። ለደንበኛ የምንሸጠውን ኢንተርኔት እኛም ከትልልቆቹ (አፕስትሪም ከሚባሉት) የምንገዛው ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በቁጥሩ «511» ብሎ ከሚጠራው ሕንፃ ነው። ከእኛ ዋና ታወር እስከዚያ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ በታች ከምጽፈው አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ርቀት ነው።

ግራፉን ከማመናችሁ በፊት

ዕቅዱ የሚጀምረው ከትራፊክ ግራፍ ነው፤ ግራፉ ግን ይዋሻል። መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ። ሊብሬኤንኤምኤስም ሆነ ካክታይ የሚባሉት መከታተያ ሶፍትዌሮች ራውተሩን ኤስኤንኤምፒ በሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ እየጠየቁ በፖርቱ (ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ) ስንት ባይት እንዳለፈ ይመዘግባሉ። የድሮው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4.29 ጊጋባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያልፍበት ፖርት ላይ ለመሙላት 34 ሰከንድ ይበቃዋል። ሶፍትዌሩ በየ5 ደቂቃው ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ቆጣሪው በመሀል ከስምንት ጊዜ በላይ ዞሯል፤ የሚሣለው ግራፍም የሚያምር ግን የውሸት ነው። ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ ተጠቀሙ። እሱ ደግሞ በኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 አይገኝም፤ ቢያንስ 2ሲ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አማካዩ አለ። እያንዳንዱ ነጥብ የ5 ደቂቃ አማካይ ስለሆነ ግራፉ 80 በመቶ ሲያሳይ በውስጡ ፖርቱ ጢም ብሎ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) የጣለባቸው ሰከንዶች አሉ። ጊዜ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እነዚህ ሶፍትዌሮች ቦታ ለመቆጠብ የቆየውን መረጃ በሰዓት፣ ከዚያም በቀን አማካይ ይጨፈልቁታል። የዓመቱን ግራፍ ከፍታችሁ «ያኔ እንኳ ፒካችን (ከፍተኛው ትራፊካችን) 1.5 ጊጋ ነበር» ብትሉ የቀንና የሌሊቱን አማካይ እያያችሁ ነው፤ የዚያን ጊዜ ምሽት 2.8 ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስታችሁ ዕድገት ብታሰሉ ቁጥሩ የሰማይ ስባሪ ያህላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከአማካዩ ጎን ከፍተኛውንም እንዲያስቀምጥ አዙሩት። ካልሆነም እኔ እንደማደርገው በየወሩ መጀመሪያ ያለፈውን ወር ከፍተኛ ቁጥር በእጅ ኤክሴል ላይ ጻፉ። ይህ አሰልቺ ሰንጠረዥ ከገዛነው ሶፍትዌር ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል።

ወቅቱም ያታልላል። እዚህ አገር በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አትጠልቅም፤ ሰው እርሻውና ሐይቁ ላይ ነው። በጥር ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስክሪን ላይ ያፈጣል። ሰኔን ከጥር አነጻጽሮ «በሰባት ወር በግማሽ አደግን» ማለት ስህተት ነው፤ ጥርን ከሰኔ አነጻጽሮ «ቀንሰናል፣ እንተኛ» ማለት ደግሞ የባሰ ስህተት። የካቲትን ከየካቲት፣ መስከረምን ከመስከረም ጋር ብቻ አስተያዩ።

ልዩ ምሽቶችንም ለብቻ መዝግቡ። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሐሙስ ምሽት የአሜሪካ ፉትቦል በአማዞን ፕራይም ነው የሚተላለፈው፤ በ2024 የፈረንጆች ገና ዕለት ደግሞ ሁለት ጨዋታ በኔትፍሊክስ ሄደ። ድሮ በሳተላይት ዲሽ ይታይ የነበረው ኳስ አሁን በእናንተ ፋይበር ነው የሚመጣው። ኳሱ ባለበት ምሽት የታዋቂ ቪዲዮ ጌም አዲስ ቨርዥን ከተለቀቀ፣ አንዱ ቤት ብቻ ከ100 ጊጋባይት በላይ ያወርዳል። ዕቅድ የሚሠራው ለተራው ማክሰኞ ሳይሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ሐሙስ ነው።

ለአንድ ደንበኛ ስንት?

የሸጣችሁትን ፍጥነት እርሱት። 1,300 ደንበኛ እያንዳንዱ 100 ሜጋ ቢገዛ ድምሩ 130 ጊጋ ነው፤ ያን የሚገዛ የገጠር አይኤስፒ የለም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው አንድ ማካፈል ነው፦ የወሩ ከፍተኛ ትራፊክ ሲካፈል ለደንበኛ ብዛት። በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ውሰዱ፤ ፒኩ ሁሌም እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ 1,300 ደንበኛ ላይ ፒኩ 3.64 ጊጋቢት ከሆነ ለአንድ ቤት 2.8 ሜጋቢት ይደርሳል ማለት ነው። «100 ሜጋ ገዝቶ 2.8 ብቻ?» የሚል ይኖራል። ሁሉም በአንድ ሰከንድ ስለማያወርድ ነው፤ አንዱ ጌም ሲጭን ሌላው ፌስቡክ ያያል፣ ሦስተኛው ተኝቷል።

ይህን ቁጥር ከድምሩ ለይቶ መከታተል የሚጠቅመው ዕድገቱ ከሁለት ቦታ ስለሚመጣ ነው፤ ደንበኛ ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ደንበኛም ይበልጥ ይጠቀማል። አዲስ ታወር ባትተክሉ እንኳ ሁለተኛው አይቆምም። የፍጥነት ፓኬጅ ስትለውጡም ይዘላል። የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) የብሮድባንድን ትርጉም ከ25 ሜጋ ማውረድና 3 ሜጋ መጫን ወደ 100 በ20 ሲያሳድገው ብዙ ትንንሽ አይኤስፒዎች ፓኬጃቸውን ወደዚያው አሳደጉ። ከዚያው ዓመት ጥቅምት 10 ጀምሮ ትንንሾቹም አቅራቢዎች ለደንበኛ በሚያሳዩት መግለጫ ላይ የተለመደ ፍጥነታቸውንና ላተንሲያቸውን (መረጃ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ) እንዲጽፉ ተገደዱ። መስመሩ በየምሽቱ ከተጨናነቀ እዚያ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ሐሰት ይሆናል።

ቀን መቁጠሪያው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከላይ ያለውን ምሳሌ እንያዝ። ወሩ መስከረም ነው፤ ፒኩ 3.64፣ ወደ 511 የሚወስደው መስመር 5 ጊጋ። ደንበኛ በዓመት 10 በመቶ፣ የአንድ ቤት አጠቃቀም 15 በመቶ ያድጋል እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 26.5 በመቶ ይሆናል፣ በወር ሲመነዘር 2 በመቶ ገደማ። ኤክሴል ላይ 3.64ን በየወሩ በ1.02 እያባዛችሁ ውረዱ። 5 ጊጋ የምትደርሱት በ16ኛው ወር፣ ማለትም ከመጪው ጥር ቀጥሎ ባለው ጥር ላይ ነው። አለቃ ይህን ሲያይ «ገና ነው» ይላል።

ነገር ግን መስመር 100 በመቶ እስኪሞላ አይጠበቅም። የ5 ደቂቃው አማካይ 80 በመቶ ሲነካ፣ በዚህ ምሳሌ 4 ጊጋ ላይ ማለት ነው፣ ደንበኛው መሰማት ይጀምረዋል፤ የሐሙሱ ኳስ ሲጨመርበት ስልኩ ይጮኻል። 4 ጊጋ የሚነካው ደግሞ በ5ኛው ወር፣ በየካቲት ነው። ስለዚህ ጊዜ አለን ያልነው 16 ወር ወደ 5 ወር ወረደ።

አሁን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። አዲሱ መስመር ያው ፋይበር ሆኖ ጫፍና ጫፉ ላይ ኦፕቲክ (ብርሃን ላኪና ተቀባዩ) ብቻ የሚቀየር ከሆነ ፕሮፎርማ መሰብሰቡን፣ ውሉን፣ የክሮስ ኮኔክት (ሕንፃው ውስጥ ከአቅራቢው ጋር የሚያገናኘው ኬብል) የፈቃድ ደብዳቤውን ጨምሮ ሁለት ሦስት ወር በቂ ነው፤ በመስከረም ብትነሱ ለየካቲት ትደርሳላችሁ። ቁፋሮ ካለበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ መሬት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያላየ ሰው አይገባውም። የግዛቱ የሕንፃ ደንብ በደቡቡ ክፍል መሠረት 42 ኢንች፣ ወደ 107 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ የሚያስገድደው በረዶው እስከዚያ ሊገባ ይችላል ብሎ ነው፤ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ ፋይበር የሚቀብር ተቋራጭ ማሽኑን አቁሞ ሌላ ሥራ ይሠራል።

በመስከረም ከፈረማችሁ ጥናቱና የመንገድ ዳር ፈቃዱ ኅዳርን ይፈጃል፤ ከዚያ በረዶ ነው። ቁፋሮ የሚጀመረው በግንቦት፣ መስመሩ የሚበራው በሐምሌ። በየካቲት ለሚያስፈልግ መስመር ይህ አምስት ወር ዘገየ ማለት ነው። በመስከረሙ ግራፍ ላይ ገና 73 በመቶ የነበረ መስመር መታዘዝ የነበረበት ባለፈው ሚያዝያ፣ ገና 66 በመቶ አካባቢ ሳለ ነው። «ግማሹ ካለፈ ፕሮፎርማ ጠይቁ» እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው። ፕሮፎርማ ነፃ ነው፤ ማንም አያስከፍላችሁም።

በየአገሩ በረዶው ሌላ ስም አለው። የዝናብ ወቅት ይሆናል፣ የጉምሩክ ወረፋ ይሆናል፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ወይም የትልቅ ሆቴል ኔትወርክ የምታስተዳድሩ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቁፋሮ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የእናንተን በረዶ ለዩና ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ አስምሩበት።

ትራፊኩ ከየት ነው የሚመጣው

ጊጋ ከመጨመራችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ግለጡት። ራውተሩ ላይ ትራፊኩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚመዘግቡትን ኔትፍሎው ወይም ኤስፍሎው አብሩና ለአንድ ሳምንት ሰብስቡ፤ ከዚያ በኤኤስ ቁጥር (እያንዳንዱ ኔትወርክ በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት መለያ) ደርድሩት። በእኛ ኔትወርክ ከላይ የሚመጡት ሁሌ ያው ናቸው፦ 15169 ጉግል፣ 2906 ኔትፍሊክስ፣ 32934 ሜታ፣ 16509 አማዞን፣ 20940 አካማይ፣ አዲስ አይፎን ሶፍትዌር ሲለቀቅ ደግሞ 714 አፕል ብቅ ይላል። ምሽት ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ጥቂቶች ነው።

ይህን ስታውቁ ፒሪንግ የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኛል። 511 ሕንፃ ውስጥ ማይስ የሚባል፣ አባላቱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የኢንተርኔት መለዋወጫ አለ። እዚያ አንድ ፖርት ይዞ ትራፊኩን በቀጥታ መቀባበል ለትራንዚት (ወደ ቀረው ኢንተርኔት ለሚያደርሳችሁ ትልቅ አቅራቢ) የሚከፈለውን ይቀንሳል፤ ማን ማን እንዳለ ፒሪንግዲቢ በሚባለው ዌብሳይት ላይ ይታያል። የራሳችሁ ኤኤስ ቁጥርና ቢያንስ አንድ ስላሽ 24፣ ማለትም 256፣ የአይፒቪ4 አድራሻ ያስፈልጋችኋል። አድራሻው ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ የሰሜን አሜሪካው አድራሻ አዳይ ድርጅት አሪን የነበረውን ነፃ ክምችት በመስከረም 24፣ 2015 (እ.ኤ.አ.) ጨርሷል። ከገበያ መግዛት ወይም መከራየት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነገር ነው። ፒሪንግ 511 ውስጥ ያለውን ሒሳብ ያቀልላችኋል እንጂ 240 ኪሎ ሜትሩን አያቀልም። የኔትፍሊክስ ፊልም በትራንዚት መጣ በማይስ፣ ከሚኒያፖሊስ እስከ እኛ ታወር የሚጓዘው በዚያው 5 ጊጋ ላይ ነው። መንገዱን ራሱን የሚያቀልለው ይዘቱን ከደንበኛው አጠገብ የሚያስቀምጥ የካሽ ሰርቨር ብቻ ነው። ኔትፍሊክስ ሰርቨሩን በነፃ ይሰጣል፤ ሆኖም የኔትፍሊክስ ትራፊክ ብቻውን በፒክ ሰዓት 5 ጊጋቢት እንዲሆን ይጠይቃል። ድምሩ 3.64 ለሆነ አይኤስፒ ይህ ለጊዜው የሰማይ ላም ነው። መውጫው ጎረቤት ነው። በአንድ የክልል ፋይበር ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ አይኤስፒዎችና የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ ላይ ሲቆጠሩ መስፈርቱን ሊያሟሉ ይችላሉ፤ ፋይበሩን የሚያከራያችሁን ድርጅት «ካሽ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ከዚያ ጋር መገናኘት ከማንኛውም ትራንዚት ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ

የመኸሩ ሥራ እንዳለቀ ገበሬው ከማሳው ሥር ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ያስቀብራል። ማሽኑ አንድ ሜትር ሲወርድ ከመንገድ ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ የተቀበረ ፋይበር ካገኘ አይምረውም። ስለዚህ ሁለተኛ መስመር ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው ስፋቱና መንገዱ ነው።

ስፋቱን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፤ አንዱ ሲሞት የቀረው የማክሰኞ ምሽትን ብቻውን መሸከም አለበት። ሁለት ባለ 5 ጊጋ መስመር ያለው ሰው 10 ጊጋ አለኝ ካለ ራሱን እየሸነገለ ነው፤ ያለው 5 ጊጋ ነው። ሁለቱም 3 ጊጋ ቢሸከሙ ግራፎቹ 60 በመቶ እያሉ ያምራሉ፣ አንዱ ሲቆረጥ ግን 6 ጊጋ በ5 ጊጋ ቀዳዳ ይጋፋል።

መንገዱን በተመለከተ የሻጩን ቃል አትመኑ። «የኛ መስመር ሙሉ በሙሉ የተለየ ነው» ያላለ ሻጭ አላውቅም፤ ሁለት ኩባንያዎች ግን በአንድ ቱቦ ውስጥ ፋይበር መከራየታቸው የተለመደ ነው። የመንገዱን ካርታ በኬኤምዜድ ፋይል ጠይቁና ጉግል ኧርዝ ላይ ሁለቱንም ደርባችሁ ተመልከቱ። አንስጥም ካሉ ፒንግ (የደርሶ መልስ ጊዜን የሚለካው ሙከራ) ያጋልጣቸዋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 240 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 2.4 ሚሊሰከንድ መሆን አለበት፣ ፋይበሩ ስለሚጠማዘዝ 4 ቢሆን ይገባኛል። ወደ 511 ፒንግ አድርጋችሁ 14 ካያችሁ ግን መስመሩ ቺካጎ ደርሶ እየተመለሰ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ላተንሲ መዋሸት አይችልም።

ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ላይ ላለን ሰዎች ሁለተኛው መንገድ ተፈጥሯዊ ነው፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱ ፎልስ ደቡብ ዳኮታ። እዚሁ ካለችው ከወርዚንግተን ከተማ በአይ 90 መንገድ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሁለቱም መስመር 511 የሚገባ ከሆነ የሕንፃው መብራት በጠፋ ቀን አብራችሁ ትጠፋላችሁ።

አገር ቤትም ጥያቄው ያው ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ መስመር መያዝ ተችሏል፤ ነገር ግን ሁለቱ መሠረተ ልማት የሚጋሩበት ስምምነት ስላለ፣ የእናንተ ሁለት መስመሮች በምን በምን እንደሚያልፉ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ሒሳቡ

ትራንዚት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በ95ኛ ፐርሰንታይል ነው። በየ5 ደቂቃው ይለካል፤ በ30 ቀን 8,640 ልኬት ይሆናል። ከከፍተኛው ጀምሮ 5 በመቶው፣ 432 ልኬት፣ ይጣልና ቀጥሎ ያለው ሂሳባችሁ ይሆናል። 432 ልኬት 36 ሰዓት ነው። «36 ሰዓት በነፃ» ሲባል ደስ ይላል፤ በ30 ቀን ሲካፈል ግን በቀን 72 ደቂቃ ነው። የእናንተ ፒክ በየምሽቱ አራት ሰዓት ስለሚቆይ ያ 72 ደቂቃ ጫፉን ብቻ ነው የሚቆርጠው። ለመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት 95ኛው ከፒኩ ብዙም አይርቅም፣ ተስፋ አታድርጉበት።

36 ሰዓቱ የሚጠቅመው ለሁለተኛው መስመር ነው። 10 ጊጋ ፖርት በ1 ጊጋ ኮሚት (ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የምትከፍሉበት መጠን) ውሰዱ፤ በደህናው ቀን ከ1 ጊጋ በታች ይሂድበት። ዋናው መስመር ተቆርጦ ለአሥር ሰዓት 4 ጊጋ ቢያልፍበት በወሩ ውስጥ ያ ትርፍ ከ36 ሰዓት ስላልበለጠ ሂሳቡ ላይ አይታይም። ይህ የሚሠራው ግን ውሉ ከኮሚት በላይ መሄድን ሲፈቅድና ፖርቱ በ1 ጊጋ ካልተገደበ ብቻ ነው። ሁለቱንም በጽሑፍ አስፈርሙ። ርካሽ ፕሮፎርማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚገኘው ገደብ ይሄ ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ ትራንዚቱንና መንገዱን ለያይታችሁ ጻፉ። ለስሌት ያህል የመረጥኳቸው ቁጥሮች ናቸው፦ 5 ጊጋ ትራንዚት በሜጋ 40 ሳንቲም ከሆነ በወር 2,000 ዶላር፤ 10 ጊጋ በ25 ሳንቲም 2,500 ዶላር። በ500 ዶላር እጥፍ አገኛችሁ፣ ማንም ይገዛዋል። ግን ያንን 10 ጊጋ እስከ ታወሩ የሚያመጣው መንገድ ከ1,600 ወደ 2,800 ከዘለለ የማስፋፊያው ዋጋ 1,700 እንጂ 500 አይደለም። በከተማ ያለ አይኤስፒ ይህ አያስጨንቀውም፤ በገጠር ግን ድርድሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እኔ ከትራንዚት ሻጭ ጋር ለሁለት ሳንቲም ስከራከር ጊዜ አላጠፋም፤ ከመንገዱ ባለቤት ጋር ነው ቡና የምጠጣው።

ከፖርቱ ወዲህ

መስመሩ 10 ጊጋ ሆነ ማለት ደንበኛው አገኘው ማለት አይደለም። ማነቆው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከፖርቱ እስከ ደንበኛው ጣሪያ በወረቀት ላይ ሣሉና እያንዳንዱ ዕቃ በፒክ ሰዓት ስንት እንደሚሸከም ጻፉበት፦ ድንበር ራውተሩ፣ ሲጂናቱ (ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ እንዲጋሩ የሚያደርገው)፣ ኮር ስዊቹ፣ ወደ ታወሮቹ የሚሄዱት ማይክሮዌቮች። ራውተሩ ሙሉውን የቢጂፒ ሰንጠረዥ (የኢንተርኔቱን መንገዶች ሁሉ ዝርዝር) የሚቀበል ከሆነ ዛሬ አንድ ሚሊዮን ገደማ የአይፒቪ4 መንገድ ነው። በነሐሴ 12፣ 2014 (እ.ኤ.አ.) ሰንጠረዡ 512 ሺህን ሲያልፍ በየአገሩ የድሮ ራውተሮች ተንበርክከው ነበር። ለትንሽ አይኤስፒ ዲፎልት መንገድን (ሌላውን ሁሉ የሚሸፍነውን) እና የቅርብ መንገዶችን ብቻ መቀበል በቂ ነው።

ማይክሮዌቮቹን በተለይ ፈትሹ። 11 ጊጋኸርዝ ላይ ያለ ሬዲዮ በጠራ ሰማይ የሚሸከመውንና የሐምሌ ነጎድጓድ ሲወርድበት የሚሸከመውን ለየብቻ ጻፉ፤ ዕቅድ የሚሠራው በሁለተኛው ነው።

መስመሩ እስኪመጣ መክረም ካለባችሁ ደግሞ የምታስታግሱበት መንገድ አለ። ሊብሬኬዎኤስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በተራ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ከራውተሩ ፊት ሲቀመጥ፣ ኬክ በሚባለው የወረፋ ዘዴ የአንዱ ቤት ጌም ማውረድ የሌላውን ቤት የዙም ስብሰባ እንዳያንቀው ያደርጋል። ጊጋ አይጨምርም። 85 በመቶ ላይ ያለ መስመር ግን ለደንበኛው ደህና ሆኖ እንዲሰማው ያደርጋል፣ በረዶው እስኪቀልጥ ያደርሳችኋል።

የማብሪያው ሌሊት

ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሥሩ። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት የፋይበሩን ጫፍ አጽዱ፤ «አዲስ ነው እኮ» አይሠራም። ብርሃኑን አንብቡ፦ ባለ 10 ኪሎ ሜትሩ 10 ጊጋ ኤልአር ኦፕቲክ ከሲቀነስ 14.4 ዲቢኤም (የብርሃኑ ኃይል መለኪያ) በታች መስማት አይችልም፤ ሲቀነስ 13 ካነበባችሁ ዛሬ ይሠራል፣ አንድ ቀን ማገናኛው ትንሽ ሲቆሽሽ ይሞታል፤ ያኔውኑ ተቋራጩን መልሱት። ቀጥሎ ትልልቅ ፓኬት ሳይቆራረጥ ማለፉን በፒንግ ሞክሩ፤ ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ላይ ያለ ስህተት «አንዳንድ ዌብሳይት አይከፍትም» በሚል ቅሬታ ነው የሚመጣው፣ ለማግኘት ያንገበግባል። ከዚያ መስመሩን በሙከራ ትራፊክ የሚሞላውን አይፐርፍ3ን በብዙ ጅረት ለአንድ ሰዓት አሩጡና በፖርቱ ላይ የስህተት ቆጣሪው ዜሮ መሆኑን እዩ። ስህተት ካለ ትራፊክ አታዛውሩ፣ ተኙ፣ ነገ ደውሉ።

ትራፊኩን ስታዛውሩ አንድ ነገር አስታውሱ። የሚወጣውን ትራፊክ ራውተራችሁ ላይ ታዛላችሁ፤ የሚገባውን ግን የሚወስነው ሌላው ወገን ነው፣ የቤት ኢንተርኔት ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚገባ ነው። በአሮጌው መስመር ላይ የኤኤስ ቁጥራችሁን ደጋግማችሁ በማስታወቅ መንገዱን አስረዝሙት፤ የማይሰማ ካለ ለአዲሱ መስመር ጠበብ ያለ የአድራሻ ክልል አስታውቁ፤ ያኔ ሁሉም ይሰማል። አድራሻውን የማስታወቅ መብት የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው የአርፒኬአይ ምዝገባችሁ ያንን ጠባብ ክልል መፍቀዱን ግን ቀደም ብላችሁ አረጋግጡ፣ አለዚያ ትልልቆቹ ኔትወርኮች ማስታወቂያችሁን ይጥሉታል። አሮጌውን መስመር ቢያንስ ለአንድ ወር አትዝጉ።

በማግስቱ ምሽት ፒኩ ከ4 ወደ 4.5 ድንገት ቢዘል አትደንግጡ። አሮጌው መስመር አፍኖት የነበረ ፍላጎት ነው፤ የቪዲዮው ጥራት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲኖር የነበረው አሁን ከፍ አለ። የዕድገት ሰንጠረዡን ከዚህ አዲስ ቁጥር እንደገና ጀምሩት፤ ከአሮጌው ጋር ካገናኛችሁት የወር ዕድገቱ 12 በመቶ መስሎ ይታይና በሚቀጥለው ሚያዝያ የማያስፈልጋችሁን ትገዛላችሁ።

የውሉን ማብቂያም በዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ አስገቡ። የ36 ወር ውል በብዙ ቦታ 90 ወይም 60 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ካልተቋረጠ በአሮጌው ዋጋ ራሱን ያድሳል። ማስታወሻው ከዚያ ቀን ስድስት ወር ቀድሞ ይጩህ፤ በሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ይሁን፣ አንዱ የሒሳብ ክፍል ሰው ቢሆን ይመረጣል።